ለጭነት የተሠራ ሞተር ለፍጥነት ሲውል

የፈረስ ጉልበት ታሪክ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የእሽቅድምድም መኪና ነው። በዚህ አጭር ጥናት ግን የምንመለከተው የጭነት መኪና ሞተር ነው፤ ይኸውም የአሜሪካው ሼቭሮሌት ለከባድ መኪናዎችና ለተማሪ ቤት አውቶቡሶች የሠራው፥ ስፋቱ 366 ወይም 427 ኪዩቢክ ኢንች (6 ወይም 7 ሊትር ያህል) የሆነው ባለ ስምንት ሲሊንደር ቤንዚን ሞተር ነው።

ዘሩ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ዓ. ም. ለቤት መኪና ከወጣው የ396 ሞተር ነው። የጭነቱ ዓይነት ከወንድሙ የሚለየው በቁመቱ ነው። ከኮሎው መካከል እስከ ብሎኩ ጫፍ የቤት መኪናው 9.8 ኢንች ሲሆን የጭነቱ 10.2 ነው። ልዩነቱ 10 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ምክንያቱም አራት ቀለበት ላለው ረጅም ፒስቶን ቦታ ለማግኘት ነበር። ኮሎውም በመዶሻ የተቀጠቀጠ ብረት ነው። እንግዲህ መሐንዲሶቹ ያሰቡት ዳገት ላይ ቀኑን ሙሉ የሚታገሥ ሞተር እንጂ ፈጣን ሞተር አልነበረም።

ጉልበት ፈላጊዎች ይህን ብሎክ ከተጣሉ መኪናዎች እያወጡ መሥራት ሲጀምሩ ብዙዎች «ብረቱ ወፍራም ስለሆነ ኀይሉም ብዙ ነው» ይሉ ነበር። ይህ አሳብ ትክክል አይመስለኝም። ወፍራም ብረት ኀይልን ይሸከማል እንጂ አይወልድም። ኀይል የሚወለደው በቴስታታው በኩል በሚገባው አየር ነው፤ የጭነቱ ቴስታታ መተላለፊያ ደግሞ ጠባብ ነው። በ1967 ዓ. ም. ለውድድር የወጣው ኤል 88 የተባለው ሞተር ስፋቱ ያው 427 ሳለ፥ በሰፊ ቴስታታና በ12.5 እጥፍ መታመቅ፥ በወረቀት 430 የፈረስ ጉልበት ተመዝግቦለታል፤ በእውነቱ ከ500 በላይ እንደ ነበረው በሰፊው ይነገራል።

ሁለተኛው ጕዳይ ፒስቶኑ ነው። በቢየላው ላይ የሚያርፈው የመወርወር ኀይል ከዙሩ ካሬ ጋር ያድጋል፤ በደቂቃ ከ4000 ዙር ወደ 6000 ሲወጣ 2.25 እጥፍ ይሆናል። ከባዱን ባለ አራት ቀለበት ፒስቶን ሳይለውጡ ዙር የሚጨምሩ ሰዎች ቢየላው ብሎኩን ወግቶ ሲወጣ ማየታቸው የማይቀር ነው። የ366 ባለቤትም ሲሊንደሩን ቦርሾ ወደ 427 ለማድረስ ከተመኘ ይተወው፤ ከ100 ወደ 108 ሚሊሜትር ለማስፋት ግድግዳው 4 ሚሊሜትር ያህል መሳሳት አለበት፥ ያን የሚችል ብረት የለውም።

የ427ቱ ዕድል ግን ሌላ ነው። የ454ቱን ሞተር ኮሎ (ምቱ 101.6 ሚሊሜትር ነው) ቢያስገቡበት 7.4 ሊትር ይሆናል። ለፒስቶን ተብላ የተጨመረችው 10 ሚሊሜትርም ለረጅም ቢየላና ከዚያም ለሚበልጥ ምት ቦታ ትሰጣለች። ዋጋዋ የቫልቭ መግፊያ ዘንጎችን ማስረዘም፥ ቴስታታዎቹ ስለሚራራቁም ለዚሁ የሚስማማ ሰፊ የአየር ማስገቢያ መፈለግ ነው። ኋላ ጄኔራል ሞተርስ ራሱ ለውድድር ብቻ የሚሆኑ ብሎኮችን በዚያው በ10.2 ኢንች ቁመት አዘጋጅቶ ሸጠ።