ደራሹ ጎረቤት፦ የነዋሪዎች የአደጋ ዝግጁነት ትምህርት ከየት መጣ?



የአደጋ መከላከል ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የመንግሥታትና የመሥሪያ ቤቶች ታሪክ ሆኖ ነው። አዋጁ መቼ እንደ ወጣ፣ ኮሚሽኑ መቼ እንደ ተቋቋመ ይተረክልናል። የዛሬው ንግግሬ መነሻ ግን ሌላ ነው። ቤት ሲፈርስ ወይም ተራራ ሲናድ ቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ነዋሪው ይሳተፍ ወይስ አይሳተፍ የሚል ሊሆን አይችልም፤ መሳተፉ አይቀርምና። ጥያቄው ሠልጥኖ ይገባል ወይስ ሳይሠለጥን የሚል ነው።

እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1985 ሜክሲኮ ሲቲ በታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። የመንግሥት እርዳታ እስኪደራጅ ያልጠበቀው ሕዝብ ፍርስራሹን በእጁ እየቆፈረ ከ800 በላይ ሰዎችን በሕይወት እንዳወጣ ይነገራል። ይሁን እንጂ ሥልጠና ስላልነበራቸው 100 ያህል በጎ ፈቃደኞች በዚያው ማዳን ሥራ ላይ ሕይወታቸውን አጥተዋል። ሁለቱም ቁጥሮች አብረው መነበብ አለባቸው፤ የመጀመሪያው የርኅራኄን ኃይል፣ ሁለተኛው የዕውቀት ማነስን ዋጋ ያሳያልና።

ይህን ትምህርት በቶሎ ከተገነዘቡት መካከል የሎስ አንጀለስ ከተማ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት አንዱ ነው። መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1986 ጥቂት የሰፈር ነዋሪዎችን በሙከራ አሠለጠነ። በ1987 የዊቲየር ናሮውስ የመሬት መንቀጥቀጥ በዚያው አካባቢ ሲደርስ የሥራው አስፈላጊነት ይበልጥ ጎላ፤ በ1993 ደግሞ ሥልጠናው በመላ አሜሪካ እንዲሰጥ ተደረገ። ይዘቱ ቀላል ነበር፦ ትንሽ እሳት ማጥፋት፣ የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመር መዝጋት፣ ቁስለኞችን እንደ ጉዳታቸው መጠን መለየት፣ ብቻን አለመሥራት። ከሁሉም በላይ ግን፣ ሊወድቅ በተቃረበ ቤት ውስጥ አለመግባትን አስተማረ። አንድ አዳኝ ሲሞት የሚጠፋው አንድ ነፍስ ብቻ አይደለም፤ እርሱ ሊያድናቸው ይችል የነበሩትም አብረው ይጠፋሉ።

ሜክሲኮም በ1986 ብሔራዊ የሲቪል ጥበቃ ሥርዓቷን አቋቋመች፤ የመስከረም 19 መታሰቢያም የልምምድ ቀን ሆነ። በ2017 በዚያው ዕለት ልምምዱ ከተካሄደ ከሁለት ሰዓት ጥቂት በኋላ እውነተኛው መንቀጥቀጥ መጣ። ጃፓንም የ1923ቱን የካንቶ እልቂት የምታስታውስበትን መስከረም 1 ቀን ከ1960 ጀምሮ የአደጋ መከላከል ቀን አድርጋዋለች። በሁለቱም አገሮች የሐዘን መታሰቢያ የመማሪያ ቀን ሆኗል።

ወደ አገራችን ስንመለስ የቅርቡ ሐዘን ገና አልበረደም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ወገኖቻችን አልቀዋል። ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የሞቱ አልነበሩም፤ የተቀበሩትን ለማውጣት ከሮጡ በኋላ ሁለተኛው ናዳ የቀበራቸው ናቸው። ከእነርሱም መካከል የአካባቢው አስተዳዳሪ፣ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። ለወገን መሮጥን ሕዝባችን ከማንም መማር አያስፈልገውም። የተናደ ተዳፋት እንደገና ሊናድ እንደሚችልና ከመግባት በፊት ከላይ የሚመለከት ጠባቂ መቆም እንዳለበት ግን መማር ይቻላል።

ይህን ትምህርት የሚሸከም ተቋም አለን። እድር የአባላት መዝገብ፣ የተወሰነ የስብሰባ ቀን፣ ገንዘብ፣ ድንኳን፣ በብዙ ቦታም ጥሩንባ ነፊ አለው። አደጋ ሲደርስ የሚፈለጉት ነገሮች በአብዛኛው እነዚሁ ናቸው። የጎደለው የጊዜ ቅደም ተከተል ነው፤ እድር የሚጠራው ሰው ከሞተ በኋላ ነውና። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂላችን ወደ እድር መተዳደሪያ ደንብ ቢገባ፣ በዓመት አንድ ስብሰባ ለልምምድ ቢውል፣ በመዝገቡ ላይ ከየቤቱ አቅመ ደካማው፣ ሕፃኑና አካል ጉዳተኛው ተለይተው ቢጻፉ፣ ጥሩንባውም ለሐዘን ብቻ ሳይሆን ለማስጠንቀቂያ የተለየ ድምፅ ቢኖረው፣ አዲስ መሥሪያ ቤት ሳይቋቋም ብዙ ነፍስ ሊተርፍ ይችላል።

የዩኒቨርሲቲው ድርሻም ከዚህ ይጀምራል። የስምጥ ሸለቆ ልጆች ነን፤ በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌ አካባቢ መንቀጥቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቀያቸው አፈናቅሏል። የጂኦሎጂ ተማሪ የሚሰነጠቅን ተዳፋት ምልክቶች በገበሬው ቋንቋ ማስረዳት፣ የሕክምና ተማሪ ደም ማቆምን ማሳየት፣ የታሪክ ተማሪም አረጋውያን ስለ ቀድሞ ናዳና ጎርፍ የሚያስታውሱትን መሰብሰብ ይችላሉ። በጎፋ ለሰው ሲሉ የሮጡትን የምናከብረው፣ ነገ የሚሮጡት በሕይወት እንዲመለሱ በማስተማር ነው።