የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ ድራይቭ፦ አመራረጥ፣ ተከላ፣ የመስመር ዝርጋታና ፕሮግራም አሞላል

የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ ድራይቭ፣ በአንዳንድ ባለሙያዎች አጠራር ኢንቨርተር፣ ለኤሌክትሪክ ሞተር የሚደርሰውን ኃይል ድግግሞሽና ቮልቴጅ በመለወጥ የሞተሩን የዙር ፍጥነት የሚቆጣጠር መሣሪያ ነው። በውሃ ፓምፕ፣ በአየር ማራገቢያ፣ በማጓጓዣ ቀበቶ፣ በወፍጮና በጨርቃ ጨርቅ ማሽኖች ላይ በስፋት ያገለግላል። በአግባቡ ሲተከል ኃይል ይቆጥባል፣ የሞተሩንም ዕድሜ ያራዝማል። ያለ አግባብ ሲተከል ግን ራሱ ይቃጠላል፣ ሞተሩን ያቃጥላል፣ የሰው ሕይወትም ሊያጠፋ ይችላል። አንድ ፓምፕ ብቻ ባለው የገጠር የውሃ ተቋም የድራይቩ መበላሸት ለነዋሪው ውሃ ማጣት ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ ለተቋማት ኃላፊዎች፣ ለግዥ ሠራተኞችና ለጥገና ባለሙያዎች መሠረታዊ መረጃ ለመስጠት የተዘጋጀ ሲሆን፣ የአምራቹን መመሪያ የሚተካ አይደለም።

1. አሠራሩ

የባለ ሦስት ፌዝ ኢንዳክሽን ሞተር ፍጥነት በመስመሩ ድግግሞሽና በሞተሩ የማግኔት ዋልታዎች ብዛት ይወሰናል። ድግግሞሹ በ120 ተባዝቶ ለዋልታዎቹ ብዛት ሲካፈል፣ የማግኔት መስኩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር ይገኛል። በ50 ሄርዝ በሚሠራ ባለ 4 ዋልታ ሞተር ውስጥ መስኩ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ይዞራል፤ ዘንጉ ግን ከመስኩ ጥቂት ወደ ኋላ ስለሚቀር በሞተሩ ሰሌዳ ላይ 1,450 አካባቢ ተጽፎ ይገኛል። ዋልታዎቹ በፋብሪካ የተወሰኑ በመሆናቸው ድራይቩ የሚለውጠው ድግግሞሹን ነው።

ሥራው በሦስት ደረጃ ይከናወናል። በመጀመሪያ ከመስመር የሚገባው ተለዋዋጭ ኮረንቲ ወደ ቀጥተኛ ኮረንቲ ይለወጣል። ቀጥሎ ካፓሲተሮች ያከማቹታል፣ ያረጋጉታል። በመጨረሻም እጅግ ፈጣን የሆኑ ኤሌክትሮኒክ ማብሪያና ማጥፊያዎች ቆራርጠው በሚፈለገው ድግግሞሽ ወደ ሞተሩ ይልኩታል። ድግግሞሹ ሲቀንስ ቮልቴጁም በተመጣጣኝ መጠን ይቀንሳል፤ ለ380 ቮልትና ለ50 ሄርዝ የተሠራ ሞተር በ25 ሄርዝ ሲሠራ የሚደርሰው ቮልቴጅ 190 ገደማ ነው። ይህ ምጣኔ ካልተጠበቀ ሞተሩ ወይ ጉልበት ያጣል፣ ወይ ከመጠን በላይ ይሞቃል።

2. ጥቅሙና ገደቡ

በቀጥታ ከመስመር የሚነሣ ሞተር በመነሻው ቅጽበት ከመደበኛው 5 እጥፍና ከዚያም በላይ የሆነ ኮረንቲ ይስባል። ድራይቭ ሞተሩን ከዝቅተኛ ፍጥነት ቀስ በቀስ ስለሚያስነሣ ይህ ጫና ይወገዳል፤ ፓምፕ በድንገት ሲነሣና ሲቆም በቧንቧ ውስጥ የሚፈጠረው የግፊት ምትም ይቀንሳል።

ትልቁ የኃይል ቁጠባ የሚገኘው በሴንትሪፉጋል ፓምፕና በአየር ማራገቢያ ላይ ነው። ፍጥነቱ ወደ 80 በመቶ ሲወርድ ፍሰቱም ወደ 80 በመቶ ይወርዳል፤ የሚፈለገው ኃይል ግን ከፍጥነቱ ኪዩብ ጋር ስለሚለዋወጥ ወደ 51 በመቶ ገደማ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ፍሰትን በቫልቭ አንቆ ከመቀነስ ይልቅ ፍጥነትን መቀነስ ይመረጣል።

ይህ ስሌት በሁሉም ሥራ ላይ አይሠራም። ውሃን ከጥልቅ ጉድጓድ ከፍታ ላይ ወደሚገኝ ታንከር የሚገፋ ፓምፕ ቢያንስ ያንን ከፍታ የሚያሸንፍ ግፊት መፍጠር አለበት። ፍጥነቱ ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ ሞተሩ እየዞረ ውሃ አይወጣም፤ ፓምፑም በውስጡ በታሰረው ውሃ ይግላል። ዘወትር በሙሉ ፍጥነት መሥራት ላለበት ማሽንም ድራይቭ ከአነሣሥ ምቾት ያለፈ የኃይል ቁጠባ አያስገኝም።

3. አመራረጥ

ድራይቭ የሚመረጠው በኪሎ ዋት ብቻ ሳይሆን በሞተሩ ሰሌዳ ላይ በተጻፈው አምፔር ነው። የድራይቩ ቋሚ የመውጫ አምፔር ከሞተሩ አምፔር ማነስ የለበትም።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የቦታ ከፍታ ነው። የአብዛኞቹ ድራይቮች አቅም የሚገለጸው ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ መሣሪያውን የማቀዝቀዝ አቅሙ ይቀንሳል። በተለመደው ስሌት ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 100 ሜትር ከድራይቩ አምፔር 1 በመቶ ይቀነሳል። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላላት አዲስ አበባ ቅናሹ 14 በመቶ ይሆናል። ለምሳሌ 30 አምፔር ለሚስብ የ15 ኪሎ ዋት ሞተር 32 አምፔር የሚሰጥ ድራይቭ ቢገዛ በወረቀት ላይ በቂ ይመስላል፤ በአዲስ አበባ ግን የሚተማመኑበት አቅሙ 27.5 አምፔር ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ቀጣዩን መጠን መግዛት ይገባል። ከ2,000 ሜትር በላይ አምራቹ በቮልቴጅና በመሬት መስመር ላይ ተጨማሪ ገደብ ሊያስቀምጥ ስለሚችል፣ የተከላው ቦታ ከፍታ በግዥ ሰነዱ ላይ መገለጽ አለበት።

በቆላ አካባቢ ችግሩ ሙቀት ነው። አብዛኞቹ መሣሪያዎች ሙሉ አቅማቸውን የሚሰጡት እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ይህም የውጭው አየር ሳይሆን በሳጥኑ ውስጥ ያለው ሙቀት ነው።

ባለ አንድ ፌዝ 220 ቮልት መስመር ብቻ ባለበት ቦታ፣ ከአንድ ፌዝ ተቀብሎ ሦስት ፌዝ የሚያወጣ አነስተኛ ድራይቭ መጠቀም ይቻላል። የሚወጣው ቮልቴጅ ግን 220 እንጂ 380 አይደለም። ስለዚህ ሰሌዳው 220/380 የሚል ሞተር በዴልታ መታሰር አለበት፤ በስታር ከታሰረ ጉልበት ያጣል።

4. የተከላ ቦታ

ድራይቩ ቀጥ ብሎ በማይነድ ግድግዳ ወይም በብረት ሳጥን ውስጥ ይተከላል። አየር ከታች ገብቶ ከላይ እንዲወጣ አምራቹ የጠየቀው ክፍተት ይተዋል፤ ይህም ለአነስተኛ መሣሪያዎች ብዙውን ጊዜ ከላይም ከታችም 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በወፍጮ ቤት፣ በሲሚንቶና በጥጥ ፋብሪካ ያለ ብናኝ የማቀዝቀዣውን ክንፎች ስለሚደፍን፣ አቧራ የማያስገባ ሳጥንና የማጣሪያ ጽዳት መርሐ ግብር ያስፈልጋል።

5. የመስመር ዝርጋታ

ማንኛውም ሥራ ከመጀመሩ በፊት መስመሩ መጥፋት፣ መቆለፍና የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ሊንጠለጠልበት ይገባል። መስመሩ ቢጠፋም በካፓሲተሮቹ ውስጥ ከ500 ቮልት በላይ ቀጥተኛ ኮረንቲ ተከማችቶ ይቆያል። የማሳያው መብራት መጥፋት መሣሪያው ባዶ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም። በመሣሪያው ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ጊዜ ካለፈ በኋላ በቀጥተኛ ኮረንቲ ተርሚናሎቹ መካከል ያለውን ቮልቴጅ በመለኪያ ማረጋገጥ ግዴታ ነው።

በዝርጋታው ወቅት የሚከተሉት ሊከበሩ ይገባል፦

• የመስመሩ ኃይል የሚገባው ኤል1፣ ኤል2፣ ኤል3 ወይም አር፣ ኤስ፣ ቲ በተባሉት ተርሚናሎች፣ ሞተሩ የሚታሰረው ዩ፣ ቪ፣ ደብሊው በተባሉት ነው። የመስመር ኃይል በስሕተት ወደ መውጫው ከገባ ድራይቩ ወዲያውኑ ይቃጠላል።

• በመግቢያው በኩል አምራቹ የወሰነው ፊውዝ ወይም ብሬከር ይገጠማል።

• ቀድሞ በስታር ዴልታ ይነሣ የነበረ ሞተር ወደ ድራይቭ ሲዛወር ስታር ዴልታው ይነሣል። ሰሌዳው 380/660 የሚል ከሆነ ሞተሩ በዴልታ በቋሚነት ይታሰራል።

• በድራይቩና በሞተሩ መካከል የኮረንቲ ማሻሻያ ካፓሲተር አይገባም። ሞተሩ እየሠራ የሚከፈትና የሚዘጋ ኮንታክተርም ሊኖር አይገባም።

• የሞተሩ፣ የድራይቩና የሳጥኑ አካል በአስተማማኝ የመሬት መስመር ይያያዛል። ድራይቭ በባሕርዩ ወደ መሬት የሚፈስ ኮረንቲ ስላለው የላላ የመሬት መስመር ለአደጋ ያጋልጣል።

• ከድራይቩ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ኬብል የብረት መሸፈኛ ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ መሸፈኛውም በሁለቱም ጫፍ ከመሬት መስመር ጋር ይያያዛል። የሴንሰርና የመቆጣጠሪያ ሽቦዎች ከኃይል ኬብሉ ተለይተው ይዘረጋሉ፤ መሻገር ካለባቸው በቀጤ ነክ ይሻገራሉ።

• የሞተሩ ጥቅል በሜገር ሲፈተሽ ኬብሉ አስቀድሞ ከድራይቩ ይነቀላል፤ አለዚያ የሜገሩ ከፍተኛ ቮልቴጅ ድራይቩን ያበላሻል።

ኬብሉ ሲረዝም የድራይቩ ፈጣን የቮልቴጅ ምት በሞተሩ ጫፍ ላይ ተንጸባርቆ እስከ እጥፍ ሊጨምርና የሞተሩን ጥቅል ሊበሳ ይችላል። ለጥልቅ ጉድጓድ ሰርጓጅ ፓምፖች ይህ ዋና ሥጋት ስለሆነ፣ በድራይቩ መውጫ ላይ ተስማሚ ማጣሪያ እንዲገጠም በዲዛይኑ መካተት ይኖርበታል።

6. ፕሮግራም አሞላል

ቀደም ሲል በሌላ ቦታ ያገለገለ ድራይቭ በመጀመሪያ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመለሳል። ከዚያም በሚከተለው ቅደም ተከተል ይሞላል።

ሀ. የሞተር መረጃ፦ ከሰሌዳው ላይ ኪሎ ዋት፣ ቮልት፣ አምፔር፣ ሄርዝና የዙር ፍጥነት ሳይለወጡ ይገባሉ። ድራይቩ ሞተሩን ከመቃጠል የሚጠብቀው በተሞላው አምፔር ነው። ድራይቩ ደጋግሞ እየቆመ ሲያስቸግር አምፔሩን ከፍ አድርጎ መሙላት ጥበቃውን ማንሣት ስለሆነ ፈጽሞ አይፈቀድም።

ለ. ራስን የማስተዋወቅ ፍተሻ፦ ድራይቩ ይህ አገልግሎት ካለው የሞተሩን ባሕርይ ለክቶ ይመዘግባል። ሞተሩን የሚያዞር ዓይነት ፍተሻ ከሆነ ሞተሩ ከጭነቱ መላቀቅ አለበት።

ሐ. ዝቅተኛና ከፍተኛ ድግግሞሽ፦ ከፍተኛው በተለምዶ 50 ሄርዝ ይሆናል። በራሱ ዘንግ ላይ ባለ ማራገቢያ የሚቀዘቅዝ ሞተር በዝቅተኛ ፍጥነት ከባድ ጭነት ለረጅም ጊዜ ከተሸከመ ይግላል። ለሰርጓጅ ፓምፕ ዝቅተኛው ብዙውን ጊዜ 30 ሄርዝ ነው፤ ከዚህ በታች ተሸካሚውን የሚያለሰልሰው ውሃ በቂ ስለማይሆን ሞተሩ ይህን ወሰን በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል።

መ. የመነሻና የማቆሚያ ጊዜ፦ መነሻው ካጠረ ኮረንቲው ይበዛል። ከባድ መሽከርከሪያ ያለው ማሽን በአጭር ጊዜ እንዲቆም ከታዘዘ ኃይሉ ወደ ድራይቩ ተመልሶ ቮልቴጁን ከፍ ያደርጋል፤ በዚህ ጊዜ የማቆሚያውን ጊዜ ማራዘም ወይም የብሬክ ሬዚስተር መግጠም ያስፈልጋል።

ሠ. የትእዛዝ ምንጭ፦ ማስነሻና ማቆሚያው፣ የፍጥነቱም ትእዛዝ ከፊት ሰሌዳው፣ ከውጭ ቁልፍ ወይም ከሴንሰር መሆኑ ይወሰናል። የውሃ ግፊትን እኩል ለማቆየት ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፔር የሚልክ የግፊት ሴንሰር ይገጠምና ድራይቩ ፍጥነቱን ራሱ እንዲያስተካክል ይደረጋል።

ረ. ኃይል ሲመለስ በራሱ መነሣት፦ መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ለውሃ ፓምፕ ጠቃሚ ነው። ሠራተኛ እጁን በሚያስገባበት ማሽን ላይ ግን አደገኛ ስለሆነ መዘጋት አለበት።

7. የመጀመሪያ ሙከራና የብልሽት ምልክቶች

ሙከራው ከ5 እስከ 10 ሄርዝ ባለ ፍጥነት ሞተሩን ለአጭር ጊዜ በማዞር ይጀመራል፤ ለሰርጓጅ ፓምፕ ግን ዝቅተኛው ወሰን ይከበራል። ሞተሩ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ከዞረ፣ ኃይሉ ጠፍቶ ካፓሲተሮቹ ባዶ መሆናቸው ከተረጋገጠ በኋላ ከሦስቱ የመውጫ ሽቦዎች ሁለቱ ይለዋወጣሉ። የመግቢያ ሽቦዎችን መለዋወጥ አቅጣጫውን አይለውጥም። ከዚያም በሙሉ ጭነት የሦስቱም ፌዝ አምፔር ተለክቶ ከሰሌዳው ጋር ይነጻጸራል።

ድራይቩ በብልሽት ምክንያት ሲቆም የሚያሳየው ኮድ መንሥኤውን ይጠቁማል። ከፍተኛ ኮረንቲ የተጣበቀ ፓምፕን ወይም ያጠረ የመነሻ ጊዜን፣ ዝቅተኛ ቮልቴጅ የመስመር መዳከምን ወይም የፌዝ መቋረጥን፣ ከፍተኛ ሙቀት የተደፈነ ማጣሪያን ወይም የቆመ ማራገቢያን ያመለክታል። የመሬት ብልሽት ኮድ ሲታይ ኬብሉና ሞተሩ ሳይፈተሹ ዳግም ማስነሣት አይገባም።

8. ርክክብ

ተከላው የሚጠናቀቀው ሞተሩ ሲዞር አይደለም። የተሞሉት ፓራሜተሮች ዝርዝር፣ የሽቦ አያያዙ ሥዕልና የተለካው አምፔር ተጽፈው አንዱ ቅጂ በሳጥኑ ውስጥ፣ ሌላው በጽሕፈት ቤት መቀመጥ አለባቸው። ድራይቩ አንድ ቀን ሲበላሽ ተተኪውን በሰዓታት ውስጥ አስተካክሎ ማስነሣትና ለቀናት ባለሙያ መጠበቅ የሚለያዩት በዚህ ወረቀት ነው።