ታንኳ
ደንገልና ልጥ፤ ጣና ሐይቅ፣ ጎርጎራ

ሳንቃና ሚስማር ያልነካው ይህ ታንኳ፣ ከባሕሩ ዳር የታጨደው ደንገል በፀሐይ ከደረቀ በኋላ፣ ከዛፍ በተላጠ ልጥ እየተጠፈረ የተሠራ ነው። ደንገል ውኃ ስለሚመጥ፣ ታንኳው ከጉዞ ሲመለስ ወደ የብስ ወጥቶ ይደርቃል፤ ዕድሜውም በወራት እንጂ በዓመታት አይቈጠርም። የዐፄ ፋሲል አስከሬን ወዳረፈበት ወደ ዳጋ እስጢፋኖስና ወደ ሌሎቹ ደሴቶች ገዳማት መነኮሳትና ምእመናን፣ እህልና ማገዶ ለብዙ ዘመን የተሻገሩት በእንዲህ ያለው መርከብ ነበር።

በዚህ ጥበብ ከሁሉ ይልቅ ምስጋና የሚገባቸው፣ ቀድሞ ጕማሬ አዳኞች የነበሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። የቀደመ ልሳናቸው ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ይናገራሉ፤ የእጃቸው ሙያ ግን፣ ረግረጉ እየታረሰ ደንገሉ ቢሳሳም፣ እስከ ዛሬ አለ።