አጥንት ላይ የሚተከል የመስሚያ መሣሪያ

አጥንት ላይ የሚተከል የመስሚያ መሣሪያ ድምፅን ወደ ንዝረት ቀይሮ በራስ ቅል አጥንት በኩል በቀጥታ ወደ ውስጠኛው ጆሮ የሚያደርስ መሣሪያ ነው። ሦስት ክፍሎች አሉት፦ ከጆሮ ጀርባ ባለው አጥንት ውስጥ የሚቀበር ትንሽ የታይታኒየም ብሎን፣ ከቆዳ በላይ ብቅ የሚል ማያያዣ፣ እና በማያያዣው ላይ የሚገጠምና የሚወልቅ ፕሮሰሰር። ብዙ ጊዜ «ባሃ» በሚለው የንግድ ስም ይጠራል።

ቀዶ ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰዓት ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ጊዜ የሚወስድ ነው። ከመሣሪያው ጋር መላመድ ግን ወራት ይፈጃል፤ ቆዳውን መንከባከብ ደግሞ ዕድሜ ልክ ነው። ይህ መጣጥፍ የሚያተኩረው በዚህ በሁለተኛው ጉዳይ ላይ ነው። ምሳሌዎቹ በአዲስ አበባ ምዕራብ ከሚገኘው ከኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የዕለት ኑሮ የተወሰዱ ናቸው፤ ከመሣሪያው ጋር የሚመጡት የአምራቾች መመሪያዎች የቆርቆሮ ጣሪያንና የታክሲ ተራን አስበው የተጻፉ አይደሉምና።

አሠራሩ

በተለመደው መንገድ ድምፅ በጆሮ ቀዳዳ ገብቶ የጆሮ ታምቡርን ያንቀጠቅጣል፤ ከዚያም በሦስት ጥቃቅን አጥንቶች አማካይነት ኮክሊያ ወደሚባለው የቀንድ አውጣ ቅርጽ ያለው የውስጥ ጆሮ ክፍል ይደርሳል። ነገር ግን ኮክሊያ የሚገኘው በራስ ቅል አጥንት ውስጥ ስለሆነ አጥንቱ ሲንቀጠቀጥም ይሰማል። ይህን ማንም ሰው ሁለት ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ በማንጎራጎር ሊሞክረው ይችላል፤ የውጭው ድምፅ ሲቀንስ የራሱ ድምፅ ይጎላል። በስልክ የተቀዳ ድምፃችን የሌላ ሰው የሚመስለንም ስንናገር ድምፃችንን በአየርም በአጥንትም ስለምንሰማው፣ ቅጂው ደግሞ የአየሩን ብቻ ስለሚይዝ ነው።

በ1932 እ.ኤ.አ. ጌኦርግ ፎን ቤኬሺ በአየር የመጣን ድምፅ በአጥንት በመጣ ድምፅ ማጥፋት እንደሚቻል አሳየ። ሁለቱ መንገዶች መጨረሻቸው አንድ መሆኑ በዚህ ታወቀ። መሣሪያው የሚጠቀመው ይህንኑ ነው፤ የተዘጋውን ወይም የተበላሸውን መንገድ ትቶ በሌላኛው ይሄዳል። ፕሮሰሰሩ በመሠረቱ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ማይክሮፎኑ የያዘውን ድምፅ ወደ ቁጥር ይለውጣል፣ ያጣራል፣ ለተጠቃሚው መስማት በሚስማማ መጠን ያጎላል፣ ከዚያም ወደ ንዝረት ይመልሰዋል።

ታሪክ

ስዊድናዊው ፔር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የጥንቸልን አጥንት ሲያጠና በአጥንቱ ውስጥ የተከለው የታይታኒየም ቁራጭ አልነቀል አለው። አጥንቱ ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ነበር። ግኝቱ መጀመሪያ ያገለገለው ለሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሆን የመጀመሪያው ታካሚ በ1965 እ.ኤ.አ. ታክሟል። በ1977 እ.ኤ.አ. በጎተንበርግ ከተማ ሐኪሙ አንደርሽ ቼልስትሮም ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዎች ለመስሚያ የሚሆን ብሎን ተከለ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1996 እ.ኤ.አ. ለአዋቂዎች፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዕድሜያቸው 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ልጆች ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ በቆዳ ሥር ሙሉ በሙሉ የሚቀበሩና ፕሮሰሰሩ በማግኔት የሚያዝባቸው ዓይነቶችም መጥተዋል።

ለማን ይጠቅማል

መሣሪያው የሚጠቅመው ኮክሊያቸው በአብዛኛው ጤናማ ሆኖ ድምፅ ወደዚያ መድረስ ላቃተው ሰዎች ነው። ከእነዚህ መካከል ሲወለዱ የጆሮ ቀዳዳ ያልተከፈተላቸው ልጆች ይገኛሉ። ጆሯቸው ለዓመታት መግል የሚፈሳቸው ሰዎችም አሉ፤ ለእነሱ በቀዳዳው ውስጥ የሚገባው የተለመደ መስሚያ ጆሮውን ስለሚዘጋ ፈሳሹን ሊያባብስ ይችላል። በአንድ ጆሯቸው ብቻ ፈጽሞ የማይሰሙ ሰዎችም ድምፁን ወደ ደኅናው ጆሮ ለማሻገር ይጠቀሙበታል። ኮክሊያው ራሱ በጣም ለተጎዳ ሰው ግን አይበጅም። «መስማት ላልቻለ ሁሉ» ተብሎ ሲነገር የሚሰማው ስሕተት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ መሠረት ሕክምና ወይም ድጋፍ የሚያስፈልገው የመስማት ችግር ያለባቸው ሰዎች በዓለም 430 ሚሊዮን ገደማ ናቸው።

ለማያሠራው ሰው ብሎን እንዳይተከል ፕሮሰሰሩ በቅድሚያ በራስ ላይ በሚታሰር ማሰሪያ ይሞከራል። የራስ ቅላቸው ገና ስስ የሆነ ሕፃናት እስኪያድጉ ድረስ በዚሁ ማሰሪያ ይቆያሉ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ታካሚው ከቀዶ ሕክምና ሲወጣ የሚሰማው አዲስ ነገር የለም። ይህ ቤተሰብን ብዙ ጊዜ ያስደነግጣል። ፕሮሰሰሩ የሚገጠመው አጥንቱ ብሎኑን አጥብቆ ከያዘ በኋላ ነው፤ ለአዋቂ ከጥቂት ሳምንታት እስከ 3 ወር፣ ለልጅ ከዚያ የበለጠ ሊወስድ ይችላል። በዚህ ጊዜ በዚያ ጎን አለመተኛት፣ ቁስሉን ሐኪም እስኪፈቅድ ድረስ ውኃ አለማስነካት፣ ከኳስ ጨዋታና ከግጭት መራቅ ያስፈልጋል። በስፌቱ ዙሪያ ያለው ቆዳ መደንዘዙ የተለመደ ነው።

ድምፅን እንደገና መልመድ

ፕሮሰሰሩ የተገጠመ ዕለት ብዙዎች የሚናገሩት ስለ ደስታ ብቻ አይደለም፤ ስለ ጫጫታም ጭምር ነው። ጤናማ መስማት ያለው ሰው አእምሮ የማይጠቅመውን ድምፅ ሳይታወቀው ወደ ጎን ይተዋል። ለዓመታት በዝምታ የኖረ አእምሮ ግን ይህን ልማድ አጥቷል። ስለዚህ የሳህን ግጭት፣ የፕላስቲክ ከረጢት ኮሽታ፣ የራስ እርምጃ፣ ሻሽ ማይክሮፎኑን ሲነካው የሚሰማው ድምፅ ሁሉም እኩል ጎልቶ ይመጣል። ሐምሌ ውስጥ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ አዲስ ተጠቃሚ ዝናቡ ሲወርድ መሣሪያውን አውልቆ ቢያስቀምጥ አይፈረድበትም። ችግሩ የሚመጣው በዚያው አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ሲተወው ነው። አእምሮ ማጣራትን የሚማረው ድምፁን ደጋግሞ ሲያገኝ ነውና።

የሚመከረው አካሄድ ቀስ በቀስ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በቤት ውስጥ፣ ከአንድ ሰው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ለጥቂት ሰዓት ማውራት፤ ቀጥሎ ሬዲዮ ላይ ዜና ማዳመጥ፤ ከዚያ ወደ ሱቅና ወደ መንገድ መውጣት። ቡና ላይ የተሰበሰበ ጎረቤት በአንድ ጊዜ ሲያወራ መከታተል ከሁሉ የሚከብደው ስለሆነ መጨረሻ ላይ ቢሆን ይሻላል። ማዳመጥ ራሱ ድካም አለው። ከትምህርት ቤት የተመለሰ ልጅ ለአንድ ሰዓት መሣሪያውን ማውለቅ ቢፈልግ ስንፍና ተብሎ መቆጠር የለበትም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ኦዲዮሎጂስቱ የተጠቃሚውን አቤቱታ ሰምቶ ፕሮሰሰሩን እንደገና ያስተካክላል። «ጥሩ ነው» ብቻ ብሎ የመጣ ሰው ጥሩ ማስተካከያ አያገኝም፤ የትኛው ድምፅ እንደሚያስቸግረው፣ የትና መቼ እንደሆነ ጽፎ መምጣት በጣም ይረዳል።

አንድ ነገር በልምምድ እምብዛም አይሻሻልም፤ እሱም የድምፅን አቅጣጫ መለየት ነው። አጥንት ንዝረቱን ለሁለቱም ኮክሊያዎች ስለሚያደርስ በአንድ ጎን ብቻ መሣሪያ ያለው ሰው የመኪና ጥሩምባ መሰማቱን እንጂ ከየት እንደመጣ በትክክል አያውቅም። ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ ወይም በአጠና ተራ ግርግር ውስጥ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። አዲስ መስማት የሚሰጠው ልበ ሙሉነት በዓይን ግራና ቀኝ የማየትን የቀድሞ ልማድ እንዳያስረሳ ያስፈልጋል። በታክሲ ውስጥም ረዳቱ የሚጠራውን ከመጠበቅ መውረጃውን አስቀድሞ መንገር ይቀላል።

ስልክ የሚያዘው በጆሮ ቀዳዳ ላይ ሳይሆን ከፕሮሰሰሩ ማይክሮፎን አጠገብ ነው። ለተመልካች ግር ይላል፤ ተጠቃሚው ግን ቶሎ ይለምደዋል። አዳዲሶቹ ሞዴሎች በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ይገናኛሉ።

የቤተሰብ ድርሻም ቀላል አይደለም። መሣሪያው ከተገጠመ በኋላም ከጀርባ ሆኖ ከመጣራት ፊት ለፊት መናገር፣ ከመጮህ ይልቅ ቀስ ብሎ ቃሉን ማጥራት ይሻላል፤ ጩኸት የከንፈርን እንቅስቃሴ ያዛባል። መብራት ሲጠፋ ከንፈር ማንበብ ስለማይቻል ተጠቃሚው ከወትሮው ያነሰ ይሰማል። ሌሊት ፕሮሰሰሩ ወልቆ ስለሚያድር በቤት ያሉ ሁሉ ሰውየው በር ሲንኳኳ እንደማይሰማ ማወቅ አለባቸው። ተማሪ በሚበዛበት ክፍል ልጁ ከፊት፣ መሣሪያው ያለበት ጎን ወደ መምህሩ ዞሮ ቢቀመጥ ይመረጣል።

ቆዳና ንጽሕና

ማያያዣው ቆዳን በስቶ ስለሚወጣ ዙሪያው ለኢንፌክሽን የተጋለጠ ነው። በየቀኑ በለስላሳ ብሩሽ፣ በንጹሕ ውኃና ሽታ በሌለው ሳሙና መጽዳት አለበት፤ የደረቀ ቅርፊት በጥፍር አይላጥም። ውኃ በማይመጣበት ቀን የሚሆን ጥቂት ንጹሕ ውኃ አስቀድሞ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ሐኪሞች የቆዳውን ሁኔታ ከ0 እስከ 4 ባለው የሆልገርስ መለኪያ ይመድቡታል፤ 0 ማለት ምንም የለም፣ 4 ማለት ማያያዣው እስከ መወገድ የሚያደርስ ኢንፌክሽን ነው። መቅላት፣ ሕመም፣ ፈሳሽ ወይም ቆዳው ወደ ማያያዣው ላይ ሲያድግ ከታየ ቶሎ መታየት ያስፈልጋል። በዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ቢሆንም ይህን መመርመር ያለበት በቅድሚያ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ነው፤ ችግሩ ከቆዳ አልፎ ወደ አጥንቱ ሊሆን ይችላልና።

ጸጉር የራሱ ጉዳይ አለው። ሹሩባ መሠራት ይቻላል፤ ነገር ግን ጉንጉኑ በማያያዣው ዙሪያ ያለውን ቆዳ መሳብም መሸፈንም የለበትም። ጸጉር ቅቤ ሲቀባ ፕሮሰሰሩ ይወልቃል፣ ቅቤውም ከማያያዣው ዙሪያ ይርቃል፤ ቅባት የማይክሮፎኑን ቀዳዳ ይደፍናልና። ነጠላ ወይም ሻሽ ፕሮሰሰሩን ሲጫነው መሣሪያው ያፏጫል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ የወጣው ድምፅ ተመልሶ በማይክሮፎኑ ሲገባ የሚፈጠር ነው። ጨርቁን ላላ ማድረግ ይበቃል።

ባትሪ፣ መለዋወጫና ክትትል

ብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች የሚሠሩት በዚንክ-አየር ባትሪ ነው። ባትሪው ሥራ የሚጀምረው በላዩ ያለው ልጣፍ ተነሥቶ አየር ሲገባው ነው፤ ልጣፉ ከተነሣ በኋላ ባይጠቀሙበትም ያልቃል። ስለዚህ «ይቆጥብልኛል» ብሎ መልሶ መለጠፍ ብዙም አይረዳም። የእጅ ሰዓት ባትሪ በመልክ ቢመሳሰልም ምትክ አይሆንም። ሕፃን ባትሪ ከዋጠ ሳይዘገይ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። በክረምት ፕሮሰሰሩን ሌሊት እርጥበት ከሚመጥ ጠጠር ጋር በክዳን ዕቃ ውስጥ ማሳደር ዕድሜውን ያረዝማል።

በአዲስ አበባ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ስፔሻሊስቶች በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልና ለኮልፌ ቅርብ በሆነው በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ይገኛሉ። መሣሪያው በውጭ አገር የተተከለለት ወይም ፕሮሰሰር በስጦታ የተላከለት ሰው ከሁሉ በፊት የብሎኑንና የማያያዣውን ዓይነት የሚገልጸውን ካርድ መያዝ አለበት። የአንዱ ኩባንያ ፕሮሰሰር በሌላው ማያያዣ ላይ ሁልጊዜ አይገጥምም፤ ቢገጥምም እንኳ ለባለቤቱ መስማት እንደገና መስተካከል ይኖርበታል። ካርዱ ለኤም አር አይ ምርመራም ያስፈልጋል። ፕሮሰሰሩ ሁልጊዜ ወልቆ ከክፍሉ ውጭ ይቀመጣል፤ ከቆዳ በላይ ማያያዣ ያለው የታይታኒየም ብሎን አብዛኛውን ጊዜ ችግር አይፈጥርም፣ በቆዳ ሥር ማግኔት ያለበት ዓይነት ግን የምርመራ ባለሙያው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ገደብ አለው።