የመንገድ ሥራና የደጋው ውሃ፤ ስለ ጅረት፣ ስለ ጨፌና ስለ ፈሰስ

ስለ ኢትዮጵያ መንገዶች የተጻፈው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ሠሪዎቹ ነው። ማን እንዳስጠረገው፣ በስንት ዓመት እንዳለቀ፣ ምን ያህል ድልድይ እንደ ቆመበት ይተረካል፤ መንገዱ ሲያልፍ የነካው ውሃ ወዴት እንደ ሄደ ግን እምብዛም አይተረክም። ይሁን እንጂ የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም በሚወርድበት በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ የመንገድ ታሪክ እኩሌታው የውሃ ታሪክ ነው። በመንገድ ሥራ ጊዜ ጅረቱና ረግረጉ ይጠበቁ ዘንድ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄም መልሱን የሚያገኘው በመሐንዲሱ መዝገብ ብቻ አይደለም፤ ገበሬው በማሳው ላይ ስለ ውሃ ከጎረቤቱ ጋራ ሲከራከርና ሲስማማ በኖረበት ልማድ ውስጥም ነው።

የጥንቱ የእግርና የበቅሎ መንገድ በተቻለ መጠን ተረተር ይዞ የሚሄድ ነበረ። የነጋዴው ጓዝና የንጉሡ ሠራዊት የጋራውን ጫፍ የሚከተሉት በሸለቆው ወለል የተኛው ዋልካ በክረምት የጭነት ከብት የሚውጥ ጭቃ ስለሚሆን ነው፤ በጫፍ የሚሄድ ሰው የሚሻገረው ወንዝም ጥቂት ነው። ሊሸሹት የማይቻል ታላቅ ወንዝ ሲያጋጥም መንገደኛው ጊዜን ይጠብቅ ነበረ። ዐባይና ተከዜ ሲሞሉ ንግዱ ይቆማል፤ ዘማቹም ወደየቤቱ ይገባል፤ መስቀል ከዋለ በኋላ ውሃው ሲጎድል ጉዞው እንደ ገና ይጀመራል። እንግዲህ መንገድና ውሃ በቦታ ብቻ ሳይሆን በወራትም ተለያይተው ይኖሩ ነበረ ማለት ነው።

ይህን ሲሉ ግን የጥንቱን መንገድ ነቀፋ የሌለበት ማድረግ አይገባም። በዳገት ላይ የከብት ኮቴ ለብዙ ዘመን የረገጠው መንገድ ሣሩ ጠፍቶ፣ አፈሩ ጠጥሮ፣ በመጨረሻው የጎርፍ መውረጃ ሲሆን በየአገሩ ይታያል። መንገደኛውም ቦዩ ሲጠልቅበት በጎኑ ሌላ ያወጣል፤ ያም በተራው ይጠልቃል። ልዩነቱ፣ ያ መንገድ ጠባብ በመሆኑ የሚሰበስበው ውሃ ጥቂት፣ ጉዳቱም በአብዛኛው የሚደርሰው መንገዱን በሚረግጡት ሰዎች በራሳቸው አገር ላይ መሆኑ ነው።

ድልድይ በዚያ ዘመን ብርቅ ነበረ። በ17ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ሱስንዮስና በዐፄ ፋሲል ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠሩት ድልድዮች ወንዙ በጠበበበትና ከግራና ከቀኝ ጽኑ ዐለት ባለበት ቦታ ተተከሉ፤ በጢስ ዐባይ አጠገብ ያለው ለዚህ ምስክር ነው። ስለዚህም የወንዙን አካሄድ አልለወጡትም ማለት ይቻላል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ለማድረስ የጅዳንና የበሽሎን ገደል እያስቈረጡ ያወጡት መንገድ ግን ከዚህ የተለየ ነው። መንኰራኵር የሚሄድበት መንገድ ተረተር የመምረጥ ነፃነት የለውም፤ ዳገቱን በጎኑ ቈርጦ ቀስ በቀስ መውጣትና መውረድ ይገባዋል። የኋለኛው ዘመን መንገድ ዋና ጠባይ በዚያ ሥራ አስቀድሞ ታየ።

ከተረተሩ በታች፣ ውሃው ከየአቅጣጫው ወርዶ በሚያርፍበት ዝቅተኛ ቦታ፣ ጨፌ አለ። በበጋ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ ከብቱ ለግጦሽ የሚወርደው ወደዚያ ነው። ለበዓልና ለቡና የሚጐዘጐዘው ቄጠማ የሚታጨደው ከርጥብ መሬት ነው፤ በጣና ዳርም የታንኳው ደንገል የሚበቅለው በረግረጉ ነው። ጨፌ በክረምት የተቀበለውን ውሃ በአንድ ጊዜ አይለቀውም፤ ከግርጌው የሚወጣው ምንጭ እስከ ጥር፣ አልፎም እስከ ሚያዝያ የሚቆየው በዚሁ ምክንያት ነው። የቀረጥ መዝገብ እንዲህ ያለውን ቦታ ጠፍ ሊለው ይችላል፤ ከብት ያለው ሰው ግን እንደዚያ አይለውም።

ስለ ውሃ አለቃቀቅ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው የፈሰስ ልማድ ነው። ፈሰስ ማለት ገበሬው በዘር ጊዜ በማረሻው በማሳው ላይ አዘንብሎ የሚያወጣው፣ ከተራው ትልም የጠለቀና የሰፋ የውሃ መውረጃ ነው። ጥቅሙ ትርፉ ውሃ ሰብሉን እንዳያበሰብሰው፣ ከላይ የሚመጣውም ጎርፍ ዘሩን ከአፈሩ ጋራ ጠርጎ እንዳይወስደው ነው። አዘነባበሉ የዕውቀት ሥራ ነው። እጅግ ከተጋደመ ደለል ይሞላውና ውሃው ትልሙን ጥሶ ይወጣል፤ እጅግ ከቆመ ደግሞ ፈሰሱ ራሱ ቦረቦር ይሆናል። ልምድ ያለው ገበሬም እንደ ተዳፋቱ፣ እንደ አፈሩና እንደ ሰብሉ ያራርቀዋል ወይም ያቀራርበዋል።

የፈሰስ ነገር ግን በማሳው ውስጥ አያልቅም። ውሃው ከማሳው ጫፍ ሲወጣ የሚገባው በሌላ ሰው መሬት ነውና። ስለዚህ የፈሰስ አወጣጥ በላይኛውና በታችኛው ገበሬ መካከል ጠብ የሚያነሣ ነገር ሆኖ ኖሯል፤ በጎጃም በጮቄ ተራራ ተዳፋት የተደረገ ጥናትም ይህንኑ አሳይቷል። ክርክሩ የሚዞረው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ውሃው ድሮም በዚህ በኩል ይወርድ ነበረን፣ ወይስ ሰው አመጣው? በተፈጥሮ ቦዩ የሚወርደውን የታችኛው ሰው ይቀበላል፤ ተሰብስቦ በአዲስ አፍ ሲለቀቅበት ግን አቤት ይላል፤ ነገሩም ወደ ሽማግሌ ይሄዳል። ይህ ልማድ ሁልጊዜ ፍርድ አስገኘ ማለት አይደለም፤ አቅም ያለው የላይኛው ባለ መሬት በድኻው ላይ ውሃ ሲለቅ የኖረበትም ጊዜ አለ። ቢሆንም ተከሳሹ በስሙ የሚታወቅ፣ ከከሳሹ ጋራ በአንድ ደብር የሚሳለም፣ በአንድ ገበያ የሚውል ሰው ነበረ።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ጊዜ ጣሊያኖች ለጦር ጭነታቸው ያወጧቸው መንገዶች፣ ኋላም በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የንጉሠ ነገሥት መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድር ያደሳቸውና የጨመራቸው፣ ሁሉም የመኪና መንገዶች ናቸው። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ዘርፍ ልማት መርሐ ግብር ሲጀመር 26,550 ኪሎ ሜትር ይደርስ የነበረው የአገሪቱ መንገድ ከዚያ ወዲህ በብዙ እጥፍ አድጓል። ለሕዝቡ ያመጣው ጥቅም የሚያከራክር አይደለም፤ ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ ሲጓዝ ያደረ መንደር ስለ መንገድ ክፉ አይናገርም።

የመኪና መንገድ ተዳፋቱን በጎኑ ሲቈርጠው ግን የውሃው ሥርዐት ይለወጣል። በላይኛው ወገን የተቈረጠው አፈር በውስጡ ቀስ ብሎ ይወርድ የነበረውን ርጥበት ገልጦ ወደ ቦይ ያወጣዋል። የተጠቀጠቀው የመንገዱ ፊትም ውሃ አያሰርግም። ከላይ በብዙ ትንንሽ መውረጃ ተበትኖ ይመጣ የነበረው ጎርፍ በጎን ቦዩ ተይዞ እስከሚቀጥለው ቱቦ ድረስ ይነዳል፤ አንዳንድ ጊዜም ከአንዱ ጅረት ተፋሰስ ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል። አሥር ሰዎች በየድርሻቸው ይቀበሉት የነበረውን ውሃ ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ይቀበለዋል። በፈሰስ ልማድ ዐይን ሲታይ መንገዱ ከላይኛው ገበሬ ሁሉ የሚበልጥ ላይኛው ገበሬ ነው፤ ሽማግሌ ፊት ግን አይቀርብም።

ይህ ነገር በመለኪያ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ የመቀሌና የዐድዋ መንገድ ነው። መንገዱ የተሠራው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1993 እና በ1994 ነው። ያን ኒሰን፣ ምትኩ ኃይሌና ባልደረቦቻቸው በ2002 ባወጡት ጥናት ከዚሁ መንገድ 6.5 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ክፍል መረመሩ። መንገዱ ከተሠራ ወዲህ ወዲያው ከሥሩ 9 አዲስ ቦረቦሮች፣ ከዚያም ዝቅ ብሎ ከ100 እስከ 500 ሜትር ባለው ርቀት 7 ሌሎች ተከፍተው አገኙ። መንገዱ ያስነሣቸው ቦረቦሮች የሚጀምሩበት መሬት በ100 ሜትር ርቀት በአማካይ 15 ሜትር ዝቅ የሚል ሲሆን፣ መንገድ ያልነካቸው የሚጀምሩበት ግን 25 ሜትር ዝቅ የሚል ነው። ቀድሞ ለዘብታው ያድነው የነበረ ማሳ ተቈረጠ ማለት ነው። ጥናቱ የመሬቱ የመሸከም ዐቅም ራሱ መቀነሱን በጽኑ ማስረጃ አላረጋገጠም፤ ዋናው ምክንያት የውሃው መሰብሰብ፣ ወደ ሌላ ተፋሰስ መዞርና ወደ አንድ አፍ የሚያፈሰው መሬት መስፋት ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር ነው። በመንገዱ በራሱ ላይ ጎርፍ ያደረሰው ጉዳት ጥቂት ነበረ። መንገዱን ያየ መርማሪ ሥራው መልካም ነው ብሎ ቢመሰክር አልዋሸም፤ የጠፋው ከቱቦው አፍ በታች ያለው አፈርና እህል፣ የጠበበው የገበሬው ይዞታ፣ በሬ የማይሻገረው ገደል ነው። ለመንገዱ ደኅንነት ሲባል የተሰበሰበው ውሃ ከመንገዱ ክልል ሲወጣ ባለቤት አጣ።

ቦረቦር ወደ ጨፌ የደረሰ እንደ ሆነ ጉዳቱ ሌላ መልክ ይይዛል። በወለሉ መካከል እየቈረጠ ወደ ላይ ሲወጣ ጨፌው ይዞት የነበረውን ውሃ እንደ ጥልቅ ቦይ ያንጠፈጥፈዋል። የከርሰ ምድሩ ውሃ ዝቅ ይላል፤ ቄጠማው በደረቅ አገር ሣር ይተካል፤ ምንጩም ቀድሞ ከሚደርቅበት ወር አስቀድሞ ይደርቃል። ረግረግ በመንገድ የሚጠፋው በላዩ መንገድ ስላለፈበት ብቻ አይደለም፤ ከራስጌው ርቆ ባለ አንድ ቱቦም ይጠፋል።

በሜዳ አገር ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ከጣና በስተ ምሥራቅ በተዘረጋው በፎገራ ሜዳ በኩል ያልፋል፤ ጉማራና ርብ ሜዳውን አቋርጠው ወደ ሐይቁ ይገባሉ። በእንዲህ ያለ መሬት መንገድ ውሃ እንዳይውጠው በአፈር ሙላት ከፍ ይደረጋል፤ ሙላቱም ሳይታሰብ ግድብ ይሆናል። በክረምት ሜዳውን ሸፍኖ በስሱ የሚሄደው ውሃ በታላላቁ ድልድይ ብቻ እንዲያልፍ ከተገደደ ከመንገዱ በላይ ያለው ይሰጥማል፤ ከታች ያለው ረግረግ ድርሻውን ያጣል። ስለዚህ በተዳፋት ላይ ጥቂት ታላላቅ ቱቦ ከማኖር ይልቅ ብዙ ትንንሽ ቱቦ የሚሻለውን ያህል፣ በሜዳም በሙላቱ ርዝመት ሁሉ ማሳለፊያ ማብዛት ይሻላል። ይህ ሲባል በ1998 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ በፎገራ የደረሰውን ታላቅ ጎርፍ በመንገድ ማመካኘት ትክክል አይሆንም፤ ወንዞቹ ከላይኛው አገር በሚያመጡት ደለል ወለላቸው ከፍ ማለቱ የታወቀ ነው። ያ ደለል ግን በከፊል ከቦረቦር የመጣ ነው።

የሥራው ጊዜም የራሱ ጥንቃቄ ይሻል። ከዳገት የተቈረጠውን አፈር በቁልቁለቱ ወደ ጅረት መድፋት ለሠሪው ርካሽ ነው፤ ከታች ውሃ ለሚቀዳው ግን አይደለም። የድልድይ መሠረት በበጋ፣ ውሃው ጎድሎ በጊዜያዊ ቦይ ዞሮ ሳለ ቢጣል ጅረቱ ሳይደፈርስ ይቀራል፤ የሲሚንቶ እጣቢና የመኪና ዘይትም ከውሃው ዳር መራቅ አለበት። የተገለጠው አፈር የመጀመሪያው ዝናብ ሳይመጣ መሸፈን ይገባዋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቊጥር 299 ጉዳቱ ሥራው ከመጀመሩ በፊት እንዲመረመር፣ ሕዝቡም አሳቡን እንዲሰጥ ያዛል። ትእዛዙ መልካም ነው። ነገር ግን ቦረቦር የሚወለደው ሥራው ተጀምሮ፣ አልቆ፣ ተመርቆ፣ ሠሪው ዕቃውን ጭኖ ከሄደ ከጥቂት ክረምት በኋላ ሊሆን ይችላል።

ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ በትግራይ፣ ቀጥሎም በአማራ ክልል የተሠራው ሥራ በዚህ ታሪክ ውስጥ አዲስ ነገር ነው። ከቱቦ አፍ የሚወጣውን ውሃ ወደ ኩሬ፣ ውሃ ወደሚሰርግበት ጉድጓድና ወደ ማሳ መምራት ተጀመረ፤ ለመንገድ ሥራ አፈር የወጣባቸው ጉድጓዶችም የውሃ ማቈሪያ ሆኑ። ይህም ቢሆን ያለ ጥንቃቄ አይሆንም። ኩሬው ለመንገዱ እጅግ ከተጠጋ መሠረቱን ያረጥበዋል፤ ደለሉ በየዓመቱ ካልተጠረገ ጉድጓዱ ይሞላል፤ ከላይ ብዙ ከተያዘም ከታች ያለው ጨፌ ይጎድልበታል። ያን ጊዜ የቀድሞው የፈሰስ ክርክር በግልባጩ ይመለሳል፤ ውሃው ለምን መጣብኝ ይል የነበረው የታችኛው ሰው ለምን ቀረብኝ ብሎ ይነሣል፤ ሽማግሌዎቹም ከመንገዱ ዳር፣ ከቱቦው አፍ አጠገብ ይቀመጣሉ።