ኪዩሱ

ኪዩሱ በጃፓን አረንጓዴ ሻይ የሚዘፈዘፍበትና ወደ ሲኒ የሚቀዳበት አነስተኛ በራድ ነው። በእጅ ከሚሠሩት መካከል ስመ ጥሮቹ በአይቺ ግዛት፣ በቺታ ልሳነ ምድር ላይ ካለችው ቶኮናሜ ከተማ የሚወጡት ልባጥ የሌላቸው ቀይ ሸክላዎች ናቸው። ኪዩሱ እንደ ጀበና እሳት ላይ አይጣድም፤ ውሃው በሌላ ዕቃ ይፈላና በረድ ሲል ይጨመርበታል። ስለዚህ የሸክላ ሠሪው ጭንቀት ሁሉ ስለ መቅዳት ነው። እጀታው፣ ማጥለያው፣ ክዳኑ፣ ሁሉም የሚመዘኑት ሻዩ በሚቀዳባቸው ጥቂት ሰከንዶች ነው።

ምክንያቱ ቅጠሉ ነው። ሴንቻ የሚባለው የጃፓን አረንጓዴ ሻይ እንደተቀጠፈ በእንፋሎት ይታጠናል፤ ከዚያ እየታሸና እየተጠቀለለ ይደርቃል። የሚጣፍጠው ቲያኒን ለብ ባለ ውሃም ይወጣል፤ መራራዎቹና አፍ የሚያኮማትሩት ካቴኪኖች ግን ውሃው በጋለና ቆይታው በረዘመ መጠን ይበዛሉ። ሴንቻ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ውሃ አንድ ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። በጥላ ሥር የሚያድገው ውዱ ጊዮኩሮ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ቆይታውም ረዘም ይላል። ሰዓቱ ሲደርስ ሻዩ ፈጥኖና ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት። ሥር የቀረው ውሃ ቅጠሉን እየዘፈዘፈ ስለሚቆይ ሁለተኛውን ዙር ያመርረዋል። ጃፓኖች በየሲኒው ጥቂት ጥቂት እያዟዟሩ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ የሚቀዱት ለዚህ ነው፤ በየሲኒው ያለው ሻይም ጥንካሬው እኩል ይሆናል።

ዮኮዴ የሚባለው የተለመደው ቅርጽ እጀታው ከጎን ይወጣል፤ ከመቅጃው ጋር ወደ 90 ዲግሪ የሚጠጋ ማዕዘን ይሠራል። ቀጂው እጀታውን ጨብጦ በአውራ ጣቱ ክዳኑን ይይዛል፤ ከዚያ የእጁን አንጓ ማዞር ብቻ ይበቃዋል። ዕቃው እስኪገለበጥ ድረስ ሲዘነብልም ክዳኑ አይወድቅም። ለአረንጓዴ ሻይ ከዚህ የተሻለ ቅርጽ አልተገኘም ማለት ይቻላል። እጀታው ከኋላ የሆነው ኡሺሮዴ፣ ከላይ የታጠፈው ኡዋዴ፣ ጭራሽ እጀታ የሌለው ሆሂንም አሉ። ሆሂን ለብ ባለ ውሃ ለሚዘጋጀው ለጊዮኩሮ ስለሚውል እጅ አያቃጥልም።

ቅጠልን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ መጠጣት በጃፓን የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1654 ከቻይና ከመጣው የዜን መነኩሴ ከኢንገን ጋር ተያይዞ ነው። በ1738 የኡጂው ናጋታኒ ሶኤን ቅጠሉን በእንፋሎት አጥኖ የማሸት ዘዴን አሻሻለ፤ በዚያው ዘመን ባይሳኦ የሚባል ሽማግሌ በኪዮቶ ጎዳናዎች ሴንቻ እየቀዳ ይሸጥ ነበር። የበራዱ አርአያ ከቻይና የመጣ ሲሆን፣ በተለይ የዪሺንግ ቀይና ወይን ጠጅ ሸክላዎች ይደነቁ ነበር። ቶኮናሜ ግን ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ትልልቅ ጋንና ማሰሮ የምትሠራ፣ ከጃፓን ስድስቱ ጥንታዊ የሸክላ ማዕከላት አንዷ ነበረች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሱጊኤ ጁሞን ከአካባቢው አፈር የዪሺንግን የሚመስል ቀይ ኪዩሱ ሠራ። በ1878 ጂን ሺሄንግ የተባለ ቻይናዊ ባለሙያ ተጋብዞ የአገሩን ጥበብ አስተማረ። የዪሺንግ ሠሪዎች ጭቃውን እየደበደቡ በዝርግ ቁራጭ ይገነባሉ፤ የዛሬዎቹ የቶኮናሜ ባለሙያዎች ግን በአብዛኛው መንኮራኩር ላይ ያነሡታል።

አፈሩ በብረት የበለጸገ ነው። ጥንት ከሩዝ ማሳ ሥር ይቆፈር ነበር፤ ዛሬ ብዙዎች ቅልቅል ጭቃ ላይ የብረት ኦክሳይድ ይጨምሩበታል። እቶኑ አየር እንደ ልብ ሲያገኝ ሸክላው ይቀላል፤ አየር ሲያጥረው ይጠቁራል። አንዳንዱ ሠሪ የባሕር አረም ጠምጥሞበት ያቃጥላል፤ በአረሙ ውስጥ ያለው ጨውም ገላው ላይ ቅርጹን ይተዋል። የብረቱ ሸክላ የሻዩን ምሬት ያለዝባል የሚል እምነት በነጋዴዎች ዘንድ ሰፊ ነው፤ ይሁንና ከሸክላው ይልቅ የውሃው ሙቀትና የቆይታው ልክ ጣዕሙን እንደሚወስኑ ማንም ቀድቶ ሊያረጋግጥ ይችላል።

ገላው፣ መቅጃው፣ እጀታው፣ ክዳኑና ማጥለያው ለየብቻ ይሠራሉ። ጭቃው ጠንከር ሲል፣ ገና ሳይደርቅ፣ ይገጣጠማሉ። ማጥለያው ከዚያው ጭቃ የሚሠራ ስስ ጉልላት ሲሆን ቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ በእጅ ይበሳሉ፤ ጠባብ ከሆኑ ቅጠል ይደፍናቸዋል፣ ከሰፉ ደቃቁ ያልፋል። ሸክላ ሲደርቅና ሲቃጠል ስለሚኮማተር የክዳኑ ልክ ከሁሉ ያስቸግራል። ከእቶን ከወጣ በኋላ ክዳኑና አፉ የሚሞርድ ደቃቅ ዱቄትና ውሃ ተጨምሮባቸው ይፋተጋሉ። በትክክል ከተገጠመ፣ ክዳኑ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ በጣት ስትደፈን ፍሰቱ ይቆማል። በእጀታው ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም ኪዩሱም ሚዛኑ የተጠበቀ ነው ይባላል። በዚህ ሙያ ሦስተኛው ያማዳ ጆዛን (1924–2005) በ1998 የጃፓንን «ሕያው ብሔራዊ ሀብት» ማዕረግ አግኝቷል።

በጃፓን የታሸገ አረንጓዴ ሻይ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ስለተለመደ ኪዩሱ የሌለው ቤት በርክቷል። በእጅ የተሠራ ኪዩሱ ያለው ሰው ቅጠሉን ወዲያው አራግፎ በውሃ ብቻ ያለቀልቀዋል፤ ልባጥ የሌለው ሸክላ ሽታ ስለሚይዝ ሳሙና አይነካውም። ክዳኑም ውስጡ እስኪደርቅ ድረስ ተከፍቶ ይቆያል።