128 ባይት ወይስ 3 ጊጋባይት?

ኮምፒውተር ላይ ሙዚቃ ማቀናበር ጀምራችሁ ከሆነ ይህ ምርጫ ሳይገጥማችሁ አይቀርም። አንዱ ጓደኛችሁ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ የሆነ ሲንተሳይዘር እንድትጭኑ ይመክራችኋል፤ ሌላው ደግሞ «እውነተኛ ፒያኖ የተቀዳበት ነው» እያለ ብዙ ጊጋባይት የሚመዝን የድምፅ ስብስብ ያሳያችኋል። ዳታ እየገዛ ለሚያወርድ ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ታዲያ ሁለቱም የፒያኖ ድምፅ ካወጡ፣ አንዱ ለምን ይሄን ያህል ገዘፈ?

እ.ኤ.አ. በ1967 ጆን ቾውኒንግ የተባለ ሙዚቀኛ በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ድምፅ እያርገበገበ ይሞክር ነበር። ማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን ጭራው ላይ ሲያወዛውዝ የሚሰማውን መርገብገብ አስቡት፤ በሴኮንድ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ቾውኒንግ ግን ፍጥነቱን እየጨመረ ሄደ። በጣም ሲፈጥን ጆሮ መርገብገቡን መለየት አቃተው፤ በምትኩ ፍጹም አዲስ የድምፅ ቀለም ተሰማ። አንዱ ቀላል ሞገድ ሌላውን ሲያወዛውዝ የደወልና የመለከት ዓይነት ድምፅ ይወጣል ማለት ነው። ዘዴው ኤፍኤም ይባላል። አዎ፣ የሬዲዮው ኤፍኤም! መሠረተ ሐሳቡ አንድ ነው።

የጃፓኑ ያማሃ ይህን ግኝት ተከራይቶ በ1983 ዲኤክስ 7ን ለገበያ አቀረበ። መሣሪያው ስድስት ሞገዶችን በ32 ዓይነት መንገድ ያገናኛል። አንድን ድምፅ ለመግለጽ የሚበቃው 128 ባይት ነው። ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ዛሬ ኮምፒውተር ላይ አንድ የግዕዝ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ 3 ባይት ስለሚወስድ፣ 128 ባይት ከ42 ፊደል አያልፍም።

አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ ፒተር ቮግልና ኪም ራይሪ ሌላ መንገድ ይዘው ነበር። በ1979 ብቅ ያለው ፌርላይት የተባለው መሣሪያቸው ድምፅን ቀድቶ፣ ቁልፍ ሲነካ መልሶ ያሰማል። ችግሩ ሜሞሪ ነበር። ለአንድ ድምፅ የተመደበው 16 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ በሴኮንድ 24,000 ጊዜ እየለካ ከቀዳ ከ0.7 ሴኮንድ በታች ያልቃል! ዋጋው ደግሞ ከአንድ ቤት ጋር የሚወዳደር ነበር። በእኔ እይታ በ1980ዎቹ ኤፍኤም የነገሠው ድምፁ ከእውነተኛው ስለበለጠ አይደለም፤ ሒሳብ ከሜሞሪ ስለረከሰ ነው።

ከዚያ ሁሉም ነገር ወደ ኮምፒውተር ገባ። የጀርመኑ ስታይንበርግ በ1996 ቪኤስቲ የሚባለውን ማገናኛ አወጣ፤ በ1998 ደግሞ ጊጋሳምፕለር የየድምፁን መጀመሪያ ብቻ ሜሞሪ ላይ አስቀምጦ የቀረውን ከሃርድ ዲስክ እየሳበ ማሰማት ጀመረ። ገደቡ ተነሣ፣ ስብስቦቹም ያብጡ ጀመር። እስቲ እናስላው፦ 88 የፒያኖ ቁልፎችን፣ እያንዳንዱን በ10 የአመታት ጥንካሬ፣ ለ20 ሴኮንድ በሲዲ ጥራት ብትቀዱ 3.1 ጊጋባይት ይሆናል። የጓደኛችሁ ስብስብ የገዘፈው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ፒያኖ ከፈለጋችሁ ቅጂው ያዋጣል፤ እያንዳንዱ ቁልፍ ለብቻው የሚቆም ድምፅ ነውና። ደወል፣ ቤዝ ወይም የ80ዎቹን ኤሌክትሪክ ፒያኖ ከሆነ የምትፈልጉት ግን ዳታችሁን አታባክኑ። ዴክስድ የተባለው ነፃ ፕሮግራም እነዚያኑ የዲኤክስ 7 ድምፆች ያነባል። ማሲንቆ ነው? ውበቱ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው በመንሸራተቱ ላይ ስለሆነ፣ ለየብቻ የተቀዱ ድምፆች አይበቁም። ከቻላችሁ ተጫዋቹን ራሱን ፈልጉት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ቅኝት። ከ1983 ጀምሮ መሣሪያዎችን የሚያገናኘው ሚዲ «ቁልፍ 60 ተነካ» የሚል ቁጥር እንጂ ድምፅ አይልክም። ቁጥሩን ወደ ድምፅ የሚለውጠው መሣሪያው ነው፤ አብዛኞቹም ኦክታቭን 12 እኩል ቦታ ይከፍሉታል። ክራር ተጫዋች በጆሮው የሚቃኘው ግን ሁልጊዜ እነዚህ ደረጃዎች ላይ አያርፍም። የሚሰላ ድምፅ እዚህ ላይ ያሸንፋል፤ ለምሳሌ ሰርጅ ኤክስቲ የተባለው ነፃ ሲንተሳይዘር የራሳችሁን ቅኝት በፋይል ይቀበላል። የክራር ተጫዋች ካወቃችሁ አንቺሆዬን እንዲቃኝላችሁ ጠይቁ፤ የየክሩን ድምፅ በስልክ መቃኛ ለክታችሁ አስገቡትና ከተለመደው ቅኝት ጋር እያፈራረቃችሁ አዳምጡት።